ጎታውን የጨረሰው ኮሚቴ

በእኛ ጊዜ የሙት ልጅ ቢሮ አልነበረውም፤ አክስት ነበረው፣ አክስት ከሌለው የክርስትና አባት ነበረው፣ እሱም ከሌለ ቀድሞ ያየው ጎረቤት ወስዶ ያሳድገው ነበር፣ አለቀ። አሁን ይኸው ሴቶችና ሕፃናት አለ፣ ጤና አለ፣ ትምህርት አለ፣ ሴፍቲኔት አለ፣ ተመስገን፣ እኔ አልጠላሁም፣ ጠላ ብላችሁ እንዳትጽፉብኝ! አንቺ ልጅ፣ ጽፈሽው ነው እንዴ? እንግዲህ እናንተ ሥልጠናውን ጨርሳችሁ ነገ በየቀበሌው ልትበተኑ ነው፣ እና «አባባ፣ ቢሮዎች ተቀናጅተው የሠሩበትን መልካም ልምድ ያካፍሉን» አላችሁኝ። መልካም ልምድ እንኳ የለኝም። የበላሁትን ልንገራችሁ።

እኔ የቀበሌያችን የሕፃናት ድጋፍ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። በምን ተመረጥክ ብትሉኝ፣ ሽበት ስላለኝና ስልኬ ስለሚሠራ ነው። ሥራዬ ምንድን ነው? ከወረዳችን ከተማ ከመሐል ሜዳ የቢሮ ሰው ሲመጣ መንገድ መምራት። በርኖሴን ደርቤ፣ ዱላዬን ይዤ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ፣ ሰዉም «ዛሬ ደግሞ ማንን ይዘው መጡ?» ይለኛል፣ እኔም «የመንግሥት ሥራ ነው» እላለሁ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ።

ታዲያ እትዬ አስካለ የሚባሉ አሉ፣ ከእኛ ሰፈር ወጣ ብሎ፣ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ አፋፉ ላይ፤ በዕድሜ ታላቄ ናቸው። ልጃቸው ሞተችባቸውና የልጅ ልጃቸውን፣ የኔነሽን፣ ያሳድጋሉ። ልጅቱ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ናት፣ አባቷ የት እንደገባ አይታወቅም። ድሃ ናቸው፣ ግን መሬታቸውን እኩል የሚያርስላቸው ሰው አለ፣ የዓመት ገብሳቸው ጎታ ይገባል፣ ለሁለት ነፍስ ይበቃል። ለሁለት ነፍስ ነው ያልኩት፣ ልብ በሉ።

መጀመሪያ የጤናዋን ልጅ ይዤ ሄድኩ። እትዬ አስካለ ገና ከሩቅ ሲያዩን «ቤት ለእንግዳ! ግቡ፣ ግቡ!» አሉና ጭኮ አቀረቡ፣ በቅቤ የራሰ። የጤናዋ ልጅ ቀመስ አድርጋ ተወችው፣ እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲቀር አልወድም። እሷ ልጅቱን መዘነች፣ ከዚያ «እናቷ መቼ ሞተች? በምን ሞተች?» ብላ ጠየቀች፣ እትዬ አስካለም ነገሯት፣ እየነገሯት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

በሳምንቱ የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር ይዤ ሄድኩ። «ቤት ለእንግዳ!» እንቁላል ተጠበሰ፣ ጠላ ተቀዳ። እሱም «እናቷ መቼ ሞተች?» አለ። እኔ እኮ መልሱን አውቀዋለሁ! ባለፈው ቁጭ ብዬ ሰምቼዋለሁ! «ተው፣ እሳቸውን አታስለቅስ፣ በመንገድ እነግርሃለሁ» ማለት ስችል አፌ በእንቁላል ተይዟል። እና እትዬ አስካለ እንደገና ነገሩ፣ እንደገና አለቀሱ።

ከዚያ የሴፍቲኔቱ ሰውዬ መጣ። እሱ ባዶ እጁን አልመጣም፣ እንድትራባ ብሎ አንዲት በግ ይዞ መጣ፣ ታዲያ በግ ላመጣ ሰው ምን ይቀርባል? ዶሮ ታረደ። «እናቷስ መቼ ነው…» ሲል እኔ ፈረሰኛውን ይዣለሁ። ደግሞ ክትትል የሚሉት ነገር አለ አይደል? ለክትትል ሁሉም ተራ በተራ ተመለሱ፣ እኔም ሁሉንም ተራ በተራ መራሁ። አንዱ ቢሮ ሌላው መምጣቱን አያውቅም። የሚያውቀው ማን ነው? እኔ። አገናኙ እኔ ነኝ፣ አገናኙ ደግሞ እየበላ ነው።

በመጨረሻ ከሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ሰላማዊት የምትባል ቆፍጣና ልጅ መጣች። ልጅቱን አየች፣ ጎታውን በጣቷ ኳ ኳ አደረገች፣ ባዶ ነው። ስንወጣ ደጃፍ ላይ አቆመችኝና ቶሎ ቶሎ እየተናገረች «አባባ፣ ካርዷ ላይ እንዳየሁት የልጅቱ ክብደት ቀንሷል፣ ቤቱ እህል የለውም፣ አያትየው ዐቅም የላቸውም። ደብረ ብርሃን ማሳደጊያ ቦታ ተገኝቷል፣ ልጅቱን እንወስዳታለን» አለችኝ። እኔም ሰብሳቢ ነኝና ራሴን ነቅንቄ «እውነትሽን ነው፣ ምን ይደረግ» አልኳት። ስሙኝ እንግዲህ! ከዚያው ቤት የተዘገነልኝን ቆሎ በኪሴ ይዤ ነው «ምን ይደረግ» የምለው!

እሷ ግን ብልህ ናት፣ «ከመወሰናችን በፊት ሁሉም ቢሮዎች በአንድ ቀን እዚሁ ቤት ተገናኝተን እንነጋገር» አለች። ደስ አለኝ። ሮጬ ሄጄ «እትዬ፣ ቅዳሜ ሁሉም በአንድ ላይ ይመጣሉ!» አልኳቸው።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ስንት ትሆናላችሁ?»

እኔ ሾፌሩን ሳልረሳ ቆጥሬ ነገርኳቸው፣ ይታያችሁ፣ ሾፌሩን እንኳ አልረሳሁም! እትዬ አስካለ ዘወር ብለው ወደ በረታቸው አዩ።

ቅዳሜ ስንደርስ የጥብስ ሽታ ከአጥር ውጭ ተቀበለን። ገባን፣ ተቀመጥን፣ በላን፣ ስብሰባው በአፍ ሙሉ ተጀመረ። የሴፍቲኔቱ ሰውዬ ጣቱን እየላሰ «እትዬ፣ በጊቷስ እንዴት ናት? ወለደች?» አለ። እኔ ጎድን ይዤ ጣሪያ ጣሪያ አያለሁ። የኔነሽ እጅ ልታስታጥብ ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማ ነበር፣ ትሪውን አየት አደረገችና «ይቺው ናት» አለች።

ሰላማዊት እንጀራዋን አስቀመጠች። «ነይ እስቲ የኔነሽ፣ ሳትበዪ የምታድሪበት ቀን አለ?»

«እንግዳ የመጣ ቀን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንቆጥባለን። እናንተ መምጣት ሳትጀምሩ ገብሱ እስከ መኸር ይደርስልን ነበር።»

እትዬ አስካለ «ዝም በይ! እንግዳ ፊት!» ብለው ጮኹባት፣ ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «ልጄን ቀበርኩ» አሉ፣ «ስትጠይቁኝ ነገርኳችሁ፣ ደግማችሁ ስትጠይቁኝ ደግሜ ነገርኳችሁ፣ ያለኝን ሁሉ አቀረብኩላችሁ። ይቺን ወስዳችሁብኝ ከዚህ በኋላ ለማን ነው የማቀርበው?»

አፈርኩ ልጆቼ። ሌሎቹም አፍረዋል፣ ግን እነሱ አንድ አንድ ዙር ወይ ሁለት ዙር ነው የበሉት፣ እኔ ሁሉንም ዙር ነው። እና ሰላማዊት ዓይኗን ጠርጋ «ልጅቱ የትም አትሄድም» አለች። ወዲያው ውጭ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ተስማማን፤ የእናቷን ነገር ዳግም ማንም አይጠይቃቸውም፣ አንዱ የሰማውን ለሌላው ይነግራል፣ በወር አንድ ሰው ብቻ ስለ ሁሉም ሆኖ ይመጣል፣ በጊቱንም አዋጥተን እንተካለን።

ርዕሰ መምህሩ «ምግብ አንበላም እንበላቸው» አለ። «ተው!» አልኩት፣ «እሳቸውን ደጃፋቸው ላይ ልትሰድባቸው ነው?» ምን ይሻላል፣ ምን ይሻላል ተባለና ያኔ ከእኔ ጭንቅላት ብልሃት ወጣ። «ረቡዕ ወይ ዓርብ በጠዋት እንምጣ» አልኩ። ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እሳቸውም አያቀርቡም፣ እኛም አንቀምስም፣ ማንም አይቀየምም። አጨበጨቡልኝ! እኔም ኮራሁ፣ እስከ ቤቴ እየኮራሁ ሄድኩ፣ ቤቴ ስደርስ ነው መንገድ መሪው እኔው መሆኔ ትዝ ያለኝ። ረቡዕን ጨጓራ አለብኝ እያልኩ በጠዋት የምፈታ ሰውዬ፣ በስተርጅና ሴፍቲኔት አጾመኝ!

ታዲያ እትዬ አስካለ እንደዋዛ የሚለቁ እንዳይመስላችሁ። «ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ ተጫወቱ፣ ምን አጣደፋችሁ?» ይላሉ። እኛ «ሥራ አለን፣ ሥራ አለን» እያልን በአፋፉ ቁልቁል እንሮጣለን። ጎታው ከመኸር እስከ መኸር ደረሰ፣ ልጅቱ ሞላ አለች። እኔን ግን ቤተ ክርስቲያን ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። «ከቤቴ ሰው ጦሙን እንዲወጣ ያደረገ እሱ ነው» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ተናገሩ፣ እውነታቸውን ነው፣ ልጅቱን አገኙ እንጂ ያ «ቤት ለእንግዳ» ቀረባቸው፣ ያም ደግሞ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ዘንድሮ ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ የኔነሽ ቤቴ መጣች፣ አድጋለች፣ «አያቴ ይምጡ ብላለች፣ ቢሮውን ትተው ይምጡ ብላለች» አለችኝ። ሄድኩ። እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመዋል፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ዛሬ ከየትኛው ቢሮ ነህ?» አሉኝ።

«ከየትም አይደለሁ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ግባ» አሉ።

— ታዲያ አባባ፣ በሉ?

በበዓለ ሃምሳ ጾም አለ እንዴ? በምን አመካኛለሁ! ግን ስሚ፣ ይህን ጻፊው፤ የኔነሽ ሰፌዱን ይዛ መጥታ ከጎኔ ቁጭ አለች፣ እና እሷ መጉረሷን በዓይኔ ሳላይ እህል አልነካሁም።

እሺ፣ እሺ፣ አትሳቁ! አንዴ ጎርሼ ነበር። ግን አየኋት!