ከደረጃው ግርጌ የነበረው ድምፅ

ቪቤከ፣ በሩን አትመልከቺ። ብስክሌትሽን ደብቀነዋል፤ የስንብት ንግግሬ ሳያልቅ አትሄጂም።

መጀመሪያ የመጣሽው አርብ ነበር። አርብ የኬክ ቀናችን ነው። ያን ጊዜ አለቃችን አንደርስ ሁላችን ለየኬኩ የሰጠነውን ነጥብ ደምሮና አካፍሎ አንደኛ የወጣውን ኬክ ያስገዛ ነበር። ቀምሰሽ፣ «ይኼን የሚወደው ማነው?» አልሽ።

«የሚወደው የለም፤ የሚጠላውም የለም» አለ አንደርስ።

ባልደረባችን ኤስኪል ከጥግ ሆኖ፣ «እኔ የምወደው ሩባርብ ከሚባል ኮምጣጣ አገዳ የሚጋገረው ኬክ ሁሌ መጨረሻ ነው የሚወጣው» አለ። በሚቀጥለው አርብ ጋግረሽለት መጣሽ። ማንንም አላቀመሰም። እንደምታዪው ዛሬም ሳህኑን በእጁ ከልሎታል።

ሥራችን ከረግረጉ በተቀዳ ድምፅ ውስጥ የትኞቹ ወፎች እንዳሉ ኮምፒውተር እንዲለይ ማስተማር ነው። በአንድ ቅጂ ብዙ ዓይነት ወፍ አብሮ ይጮኻል። የድምፁን ቅጥነት፣ ውፍረትና ርዝመት የሚለኩትን መለኪያዎች ለወፎቹ ሁሉ ባላቸው አማካይ ጥቅም በደረጃ እንደረድራለን፤ ከግርጌ ያሉትን እንጥላለን። አንድ ሰው «ይኼ አይጠቅምም» ባለ ቁጥር ግን መነጽርሽን ግንባርሽ ላይ ሰቅለሽ ትጠይቂያለሽ፦

«ለማን?»

ምሳ ላይ «ጨው አይጠቅምም» ስንል እንኳ እንዲሁ ጠይቀሽናል።

አንድ ጸደይ የመቅጃው ባትሪ እንዲበረክት መለኪያ መቀነስ ነበረብን። ከግርጌ የተገኘው ከሁሉ ወፍራሙን ድምፅ የሚለካው ነው። «ነፋስ ነው፣ ቪቤከ። ተይው» አለሽ አንደርስ። አልተውሽም። ደረጃውን ለየወፉ ለየብቻ አወጣሽ። ለሌሎቹ ሁሉ መጨረሻ። ለአንዱ አንደኛ። ሸምበቆ ውስጥ ተደብቆ እንደ በሬ ለሚያጓራው ወፍ። ይህ ብርቅ ወፍ እዚያ መኖሩ ካልተሰማ ረግረጉ እንዲደርቅ ተወስኖ ነበር። መለኪያው ስላልተጣለ ተሰማ። ውሃው ዛሬም አለ።

የእኔም ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። በስብሰባ ሁሉም ሲናገር፣ «ቆዩ፣ ሲግነ የምትለው አላት» የምትይው አንቺ ነበርሽ። አመሰግንሻለሁ። እና ፈርቻለሁ። አማካይ ምቹ ነው፤ ማንንም አያስከፋም። የፊታችን ሰኞ ወንበርሽ ባዶ ሲሆን ማን ይጠይቃል እያልኩ ስሰጋ ከረምኩ።

ባለፈው ማክሰኞ አንቺ መሳቢያሽን ስታራግፊ እኛ ተሰብስበን ነበር። አንደርስ ሰሌዳውን እያየ፣ «ይኼኛው አይጠቅምም» አለ። ባዶውን ወንበርሽን አየሁት። ከዚያ አንድ ድምፅ «ለማን?» ሲል ሰማሁ። የእኔ ነበር።

አንደርስ ብዕሩን አስቀመጠ። «እሺ ሲግነ። ለየወፉ እንየው።»

ብርጭቆሽን አንሺ። ጤና፣ ዕድሜ፣ ሸምበቆው ዳር ብዙ ጠዋት ይስጥሽ። ብስክሌትሽ ኤስኪል ክፍል ነው። ቅርጫቱ ውስጥ እሱ ያስቀመጠልሽ የሩባርብ ኬክ አለ፤ ማካፈል የጀመረው ገና ዛሬ ነው። ስኮል፤ ለጤናሽ!