ባቡር የተሳፈረው ሰውዬ

እዚህ አረብ አገር፣ ከነሲም ሰፈር ወደ ዑለያ ሰፈር በምትሄድ ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት የማይተዋወቁ የአገሬ ልጆች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ለሾፌሩ በአረብኛ መንገድ ስታሳየው ሌላዋ ጠየቀቻት።

«እህቴ፣ አረብኛ ማን አስተማረሽ? የግብፅ ሰው ነው የምትመስይው።»

«ፊልም። የማዳሜ እናት የድሮ ጥቁርና ነጭ የግብፅ ፊልም ይወዳሉ።»

«አብረሽ ተቀምጠሽ እንድታይ ይፈቅዱልሻል?»

«መፍቀድ ብቻ! ዓይናቸው ስለጠፋ እሳቸው ይሰማሉ፣ እኔ የማየውን እነግራቸዋለሁ። እሷ ምን ለበሰች፣ እሱ እንዴት አያት...»

«ታድለሽ!»

«አልሐምዱሊላህ። አንዱን ተዋናይማ ወላሂ ወድጄዋለሁ። ሲስቅ ብታይው!»

«በይ አግቢው እንግዲህ!»

«እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው አሉኝ። በአንዱ ፊልም መጨረሻ ላይ ልጅቷን ጥሏት በባቡር ይሄዳል። ዞሮ እንኳ አያያትም።»

«ጨካኝ!»

«እዚያ ጋ ሙዚቃ ብቻ ነው፣ ንግግር የለም። አሮጊቷ ‹ምን አደረገ?› ሲሉኝ እንባቸውን አይቼ አላስቻለኝም። ‹ዞሮ አያት፣ እጁንም አውለበለበላት› አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሁሌም እንደዚያ ነው የምላቸው።»

«አልነቁብሽም?»

«ትናንት እጄን ያዙና፣ ‹ልጄ፣ ይህን ፊልም ዓይኔ ሳይጠፋ ስንቴ አይቼዋለሁ፤ አንድም ቀን ዞሮ አያውቅም። አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ግን ያያታል። አላህ ይስጥሽ› አሉኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻቸው?»

«ምን እላለሁ? ‹ያላ፣ እንደገና እንየው› አልኳቸው።»

ዑለያ ላይ ወርጄ መንገዱን እንደተሻገርኩ፣ ወደ ታክሲዋ ዞሬ እጄን አውለበለብኩ።