ሦስት ቁጥር ይኮረኩራል

(ደሴ፣ የጥምቀት ዋዜማ ጠዋት። የሻወር ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ተዋበችና የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ደምሰው ቆጣሪው ሥር ቆመዋል፤ ደጅ ፎጣ የያዙ ሰዎች ተሰልፈዋል።)

ተዋበች፦ ንቀለው አልኩህ እኮ፣ ደምሰው። ያንተ አዲሱ ብሬከር ከገባ ወዲህ ቆጣሪው ሲጥል ነው የሚውለው። አሮጌው በአምስት ዓመት አንድ ቀን አልጣለም።

ደምሰው፦ አሮጌው የሚጠብቀው ገመዱን ነበር፣ እትዬ። ይሄ ሰው ነው የሚጠብቀው።

ተዋበች፦ ከደንበኞቼ ጋር እያጣላኝ ምኑን ጠበቀ? ሳሙና እንደተቀባ የወጣ ሁሉ ሲሰድበኝ አረፈደ። ሽቦውን ቀጥታ አገናኘውና ልሥራበት።

ደምሰው፦ የሄደው ኤሌክትሪክ በሙሉ መመለስ አለበት። ትንሽ ከጎደለ በሌላ መንገድ ወጥቷል፤ ያኔ ብሬከሩ በቅጽበት ይቆርጠዋል። ዝም ብሎ አይጥልም።

ተዋበች፦ በየት በኩል ነው የሚወጣው? ቤቱ ያው ቤቴ ነው።

ደምሰው፦ ቧንቧው ነዘረኝ ያለ ሰው የለም?

ተዋበች፦ ሦስት ቁጥር ሻወር ይኮረኩራል ይላሉ። ቀልዳቸው ነው። እዚያ የገባ እየሳቀ ነው የሚወጣው እየተባባሉ ይሳሳቃሉ።

ደምሰው፦ እርስዎም አብረው ይስቃሉ?

ተዋበች፦ የላስቲክ ጫማ አስቀምጬላቸዋለሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

ደምሰው፦ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ተዋበች፦ አፍህን ሰብስብ፣ አንተ። እናትህ እሆናለሁ።

ደምሰው፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሦስት ቁጥር ውሃ ማሞቂያ፣ ቦይለሩ፣ የመሬት ሽቦ የለውም። ስለዚህ ሰው ቧንቧውን እስኪነካ ብሬከሩ ዝም ይላል፤ ሲነካ ኤሌክትሪኩ በሰውየው በኩል ስለሚወጣ ይጥላል። ዛሬ ስንቴ ጣለ?

ተዋበች፦ አራቴ።

ደምሰው፦ እንግዲያው አራት ሰው ነው። መጨረሻ ላይ ማን ነበር የገባው?

ተዋበች፦ ሰብለ።

ደምሰው፦ ልጅዎ? ጫማውን አድርጋ ነበር?

ተዋበች፦ ጫማውን አንዱ አድርጎት ሁለት ቁጥር ገብቷል። በባዶ እግሯ ነበረች።

ደምሰው፦ ምን አለችዎት?

ተዋበች፦ ክንዴን የሆነ ነገር መታኝ አለች። ሰው እያየሽ ነው፣ ጸጉርሽን አድርቂ ብዬ ተቆጣኋት።

ደምሰው፦ ካቻቢቴው ይኸው። ብሬከሩን ልንቀለው?

ተዋበች፦ እጅህን ከሱ ላይ አንሳ። አንተ ቦይለሩን ፍታ፤ ሰልፉን እኔ ወጥቼ እበትነዋለሁ።