የጋሽ እንድሪስ የኋላ በር

(ደሴ፣ ከቀትር በኋላ፤ በአንድ የምርመራ ክፍል ሻምበል መኩሪያ የስለላ ልብ ወለድ ጸሐፊውን ዳምጠውን ይመረምረዋል፤ ዳምጠው ተከራይቶ የሚኖርበት ቤት ባለቤት፣ ልብስ ሰፊው ጋሽ እንድሪስ፣ በመጽሐፉ ሰበብ ትናንት ታስረዋል።)

ዳምጠው፦ አይታመንም እንጂ እውነቱ ይኸው ነው ጌታዬ፤ ብዋሽ ዓይኔ ይፍሰስ። ውሸቴን ነው የጻፍኩት።

ሻምበል፦ መጽሐፍህም «ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፣ ብዋሽ ዓይኔ ይፍሰስ» ይላል። ስንት ዓይን ነው ያለህ?

ዳምጠው፦ እሱ ለገበያ ነው። እውነት ነው ካልተባለ ማን ይገዛል?

ሻምበል፦ እኛ ገዛን። ሰባት ቅጂ።

ዳምጠው፦ እግዜር ይስጥልኝ።

ሻምበል፦ ገጽ አርባ። ሰላዩ ኮት ሊለካ ይገባል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ይሄዳል፣ በኋላ በር ወጥቶ ወንዝ ለወንዝ ያመልጣል። መጋረጃው የማን ነው?

ዳምጠው፦ የጋሽ እንድሪስ።

ሻምበል፦ የተሰነጠቀው መስተዋትስ?

ዳምጠው፦ የሳቸው። ቤት መፍጠር አድካሚ ነው፤ ያለውን ወሰድኩ።

ሻምበል፦ የምንፈልጋቸው ሦስት ሰዎች እዚያ ሰፈር ጠፍተውብናል። ሁሉ እውነት ሆኖ በሩ ብቻ ውሸት?

ዳምጠው፦ የስለላ መጽሐፍ ላይ ቤት ዝም ብሎ ቤት አይደለማ። መስኮት ካለ የሚያይ አለ። መንገዱ ከጠበበ የሚከተል አለ። የኋላ በር ግን ተስፋ ነው፤ እሱን ከነሳሁት አንባቢው ታፍኖ ይሞትብኛል።

ሻምበል፦ ይሄ የኔ ክፍልስ?

ዳምጠው፦ አንድ በር ነው ያለው። እሱም እርስዎ ጀርባ ነው።

ሻምበል፦ እስከ ስንት ተምረሃል?

ዳምጠው፦ ስድስት። ሰባትን በመስኮት ነው የተማርኩት።

ሻምበል፦ «በሩ አለ፣ ሰዎች ሲያልፉበት አይቻለሁ» ብለህ ፈርም፤ ምስክር ሆነህ ወደ ቤትህ ትገባለህ። ካልፈረምክ ግብረ አበር ነህ፤ ከእንድሪስ ጋር ነው የምትሄደው።

ዳምጠው፦ እሳቸው ምን አሉ?

ሻምበል፦ ትናንት «በር የለም» ሲል ነበር። ዛሬ መናገር አልቻለም።

ዳምጠው፦ ...«ቤቴ መጽሐፍ ላይ ወጣ» ብለው ለደንበኛው ሁሉ ያነቡት ነበር እኮ። እየለኩ።

ሻምበል፦ ትፈርማለህ?

ዳምጠው፦ አልፈርምም። ከመጋረጃው ጀርባ ያለው የጭቃ ግድግዳ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ የፈጠርኩት በሩን ብቻ ነው። ሂዱና እዩት።

ሻምበል፦ ሄደናል። የላክኋቸው ወታደሮች በሩን ሲፈልጉ ግድግዳውን በድጅኖ በረቀሱት። አሁን ሰው ያሳልፋል፤ ፎቶውም መዝገቡ ላይ ተያይዟል።