ሻጋታ ያሳወረው ማይክሮስኮፕ

ክልላችን በተቋቋመ በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የባሮን ድልድይ ስሻገር አቶ ኮትና የወንድማቸው ልጅ ጃል መሐሉ ላይ ቆመው ሲጨቃጨቁ ደረስኩ። ጃልን ፊዚክስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አሁን አዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪው የብርሃንን ጠባይ ያጠናል፤ የመጣውም ለምርምሩ ነበር።

«መምህር፣ እንኳን መጣህ፤ አንተ ፍረድ!» አሉ አቶ ኮት። «ለዚህ ልጅ የጤና ቢሮ ምክትል ኃላፊ ቦታ ተሰጠው። ድሮ እዚያ ወንበር ላይ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነበር የሚቀመጠው። አሁን የራሳችን ልጅ ተገኘ ስንል፣ እምቢ አለ! ሰኞ መልስ ካልሰጠ ለሌላ ይሰጣል።»

«አጎቴ፣ ንቄ አይደለም» አለ ጃል አንገቱን ደፍቶ። «ስምንት ወር ይቀረኛል። አሁን ካቋረጥኩ የደከምኩበት ሁሉ ከንቱ ነው።»

«የምን ድካም? ብርሃን ማየት! ጋምቤላ ፀሐይ ጠፋ እንዴ?»

ሳቄ መጣ፤ ደሜም ፈላ። ያኔ አንድ ልጅ ተማረ ሲባል ከትምህርቱ ነቅሎ ወንበር ላይ መጎለት ፈሊጥ ሆኖ ነበር። የዘር እህል ቆልቶ እንደ መብላት ነው።

«ባለቤትዎን ተሻላቸው?» አልኳቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። «ኛቶክ? ሦስት ጊዜ የወባ መድኃኒት ዋጠች። ትኩሳቱ ይተዋታል፣ ደግሞ ይመለሳል።»

«እንግዲያው ይምጡ፣ ላሳይዎ» አለ ጃል።

ኛቶክ ወደ ታከሙበት ጤና ጣቢያ ሄድን። የላቦራቶሪ ሠራተኛዋ ሺታዬ ማይክሮስኮፑን ከተቆለፈ ቁም ሣጥን አወጣች። እንዳይበላሽ ተብሎ በላስቲክ ተጠቅልሎ ማኅደሩ ውስጥ ገብቷል። ብርቅ ዕቃ የምናከብረው ቆልፈን አይደል! ጃል ሌንሱን ፈትቶ ለአጎቱ ሰጣቸው። እሳቸውም ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት።

«የሸረሪት ድር አለው።»

«ሻጋታ ነው፣ አጎቴ። የአገራችን ወበቅ ላስቲክ ውስጥ ሲታፈን መስታወት ላይ ይበቅላል። ብርሃኑን ይበትነዋል፤ የወባ ተሐዋሲና ጉድፍ አይለዩም። የእኔ ጥናት ይኸው ነው፤ ሻጋታው ምን ያህል ብርሃን እንደሚያጠፋ እለካለሁ፣ በቀላሉ የሚከላከለውንም እፈልጋለሁ።»

አቶ ኮት ወደ ሺታዬ ዞሩ። «ታዲያ የኛቶክን ደም በምን አያችሁት?»

«በግምት ነው፣ አባቴ» አለች መሬት መሬት እያየች። «ትኩሳት ካለ ወባ እንላለን። ሌላ ማይክሮስኮፕ ጠይቀን ይመጣል ከተባልን ሁለት ዓመታችን።»

«በግምት!» በከዘራቸው ወለሉን መቱት። «እኔ ለወንበር እጮኻለሁ፣ ሚስቴ በግምት ትሙት?»

እኔስ የምናደደው በእሳቸው አይደለም። ለቢሮው መጋረጃ መርጠው የሰቀሉ አለቆች አንድ ቀን በዚህ መስታወት ለማየት አለመሞከራቸው ነው የሚያቃጥለኝ!

ጃል ሌንሱን በጥንቃቄ ጠራርጎ ገጠመው። በማግስቱ ሺታዬ የኛቶክን ደም ስታይ ወባ የለም፤ እያገረሸ የሚመለስ ሌላ የትኩሳት በሽታ ነው። በመርፌ ዳኑ።

ሰኞ ቢሮው የሄዱት አቶ ኮት ራሳቸው ናቸው። «ልጄ ትምህርቱን ይጨርሳል» አሏቸው አለቆቹን። «ወንበሩን ለፈለጋችሁት ስጡ። ተቀማጭ አይጠፋም።»

ጃል ጥናቱን ጨርሶ ተመለሰ። ዛሬ በዚያ ጤና ጣቢያ ሌንሱ የሚያድረው ክዳኑ ግጥም ባለ ሣጥን፣ እርጥበት ከሚመጥ የተቆላ ሩዝ ጋር ነው። የወባ መድኃኒት የሚዋጠውም ወባው ታይቶ ነው። ሩዙ በየሳምንቱ በአዲስ መለወጥ አለበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቆልተው የሚያመጡት ማን መሰላችሁ? እማማ ኛቶክ ናቸው።