የየኔታ ምስጢረኛ

ቢቸና ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። የስኳር ክኒን ከእኛ የሚወስዱ አንድ የቅኔ መምህር አሉ፤ የኔታ እንላቸዋለን። ሰሞኑን ላብ አጥምቋቸው፣ እየተንቀጠቀጡ መጡና ሰው ደግፎ ከበቅሏቸው ላይ አወረዳቸው። ስንለካቸው ስኳራቸው ወርዶ ወርዶ ሊያልቅ ነው! ግሉኮስ ሰጥተናቸው ነፍስ ሲዘሩ፣ "የኔታ፣ ከክኒኑ ሌላ የወሰዱት ነገር አለ?" አልኳቸው።

"የለም።"

"በማርያም?"

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። በማርያም ስም አይዋሹማ! "ካልነገሩኝ እኮ ሌላ ቀን ላንደርስልዎ እንችላለን!" ብዬ ተቆጣሁ።

"ልጄ፣ መድኃኒተኛው 'ለሰው ከተናገሩት ይረክሳል' ብሎኛል" አሉኝ። ትንሽ አሰቡና ወደ መስኮቱ ዞሩ። በቅሏቸው ግቢው ውስጥ ታስራ ሣር ትግጣለች። "ስሚኝማ በቅሎ" አሏት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ይኸው ሰባት ቀን ሙሉ በባዶ ሆዴ የግራዋ ጭማቂ ስጠጣ ሰነበትኩ።"

ሳቄን ዋጥ አድርጌ እኔም ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። "በቅሎ፣ ግራዋውም ክኒኑም ስኳር ያወርዳሉ። ሁለቱን አንድ ላይ እንዳይወስዱ ለየኔታ ንገሪልኝ፤ ይገድላቸዋል።"

"ሰምታሻለች" አሉኝ የኔታ ኮስተር ብለው።

ለቀጠሯቸው ሲመጡ በባጃጅ መጡ። ለካኋቸው፤ ስኳራቸው አሁንም ዝቅ ብሏል። "የኔታ፣ ዛሬስ ሌላ የወሰዱት ነገር አለ?"

በመስኮቱ ባዶውን ግቢ አዩና አንገታቸውን ደፉ።

"ምን ላርግ ልጄ፣ በቅሎዋን አላመጣኋት።"