ሞክቡል ሚያ ከቤቴ አልወጣም ያሉ ዕለት

ቺሚ ላዞምን ያገኘኋት በአጋጣሚ ነው። ከዋናው ምድር የሚመጣ ጠመኔ ልቀበል ወደ ጀልባ መቆሚያው ስወርድ፣ አንዲት ልጅ ጫማዋን አንጠልጥላ ጭቃው ላይ ቆማ ታለቅሳለች። የቡታን ተራሮች ልጅ ናት፤ ቺታጎንግ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሕዝብ ጤና ትማራለች። ከጓደኞቿ ጋር በነፃ ልታገለግል፣ ስለ አውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ቤት ለቤት ልታስረዳ፣ ወደ ደሴታችን ወደ ቻር ሞይና መጥታለች። እኔ የደሴቲቱ አስተማሪ ነኝ።

«ምን ሆንሽ ልጄ?» አልኳት።

«ሞክቡል ሚያ የሚባሉ ሽማግሌ አባረሩኝ። ሕይወታቸውን ላድን መጥቼ፣ እንደ ሌባ!»

«ምን ብለሽ አናገርሻቸው?»

«‹ስማ፣ ንፋስ ሲመጣ ቤትህን ጥለህ ውጣ› አልኳቸው።»

ሳቄ አመለጠኝ። «የሰባ ዓመት ሰው ‹ስማ›? ለመሆኑ እንዴት ገባሽ?»

«አጥሩ ክፍት ነበር። ከሁለት ወንዶች ጓደኞቼ ጋር ዘው አልን።»

«ምራታቸው ኮሂኑር ፀጉሯን ሳትሸፍን ጓዳ ጎድጓዳውን እያለች!»

ፊቷ ቀላ። ግን ልጅቷ በቀላሉ እጅ የምትሰጥ አልነበረችም። «መምህር፣ ቋንቋውን የተማርኩት ከመጽሐፍ ነው፤ ይቅርታ። ነገር ግን ውሃው ሲመጣ ማን አንቱ አለ፣ ማን አንተ አለ ብሎ ይጠይቃል?»

«ውሃው አይጠይቅም። ሰውየው ግን ይጠይቃሉ። አንቺስ ያቃለለሽን ሰው ምክር ትሰሚያለሽ?»

የተማረ ሰው እውቀቱን ይዞ ሲመጣ በር ሁሉ የሚከፈትለት ይመስለዋል፤ እኔም በወጣትነቴ እንደዚያው ነበርኩ። በማግስቱ ሻሿን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከየአጥሩ ውጭ ቆማ እየተጣራች ስትዞር አየኋት።

ከተገናኘን በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሦስተኛው ቀይ ባንዲራ ተሰቀለ። የእኛ ሰው ሦስት ባንዲራ ሲያይ ከባዱ አውሎ ነፋስ ሊደርስ መሆኑን ያውቃል። ሰማዩ እንደ መዳብ ቀልቷል፤ ወፍ የሚባል የለም። የቺሚ ጓደኞች በመጨረሻው ጀልባ ሲሄዱ እሷ ቀረች። አብረን ወደ ሞክቡል ሚያ ሄድን።

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ አባባ። መግባት ይቻላል?» አለች ከውጭ።

«ዛሬስ አፍሽን ማን አረመልሽ?» አሉ ከውስጥ። «ግቡ። ወደ መጠለያው ውጣ ልትሉኝ ከሆነ ግን ድካማችሁን ቆጥቡ።»

«ለምን አባባ?»

«ባለፈው ንፋስ ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ። አራት መቶ ሰው ባንድ አዳራሽ፣ ወንድና ሴት ተደባልቆ! ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ወንዶች መሀል አልፋ ሽንት ቤት ላለመሄድ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትቀምስ ዋለች። ዛሬ ደግሞ ኮሂኑር ወሯ ገብቷል። ምጧ ቢመጣ ገበያ መሀል ትውለድ? ከዚያ ውርደት ውሃው ይሻለኛል።»

«ኮሂኑርንስ ጠይቀዋታል?»

ከመጋረጃው ጀርባ ቀጭን ድምፅ መጣ። «እኔ ሁለቱንም እፈራለሁ፣ አባቴ። ውሃውንም፣ አዳራሹንም።»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። ቺሚ ትከራከራለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እውነትዎን ነው አባባ» አለች። «እኔም እዚያ አልወልድም። ምን ቢኖር ይሄዱ ነበር?»

ሞክቡል ሚያ እንዲህ ተብለው ተጠይቀው አያውቁም። በጣታቸው እየቆጠሩ፣ «የሴቶች ብቻ ክፍል። የራሳቸው ሽንት ቤት። በሩ ላይ የምትጠብቅ ሴት» አሉ።

ቺሚ ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ መጠለያው የእርስዎ ትምህርት ቤት አይደል? ላይኛው ክፍል ሽንት ቤት አለው። ለምንድነው የተቆለፈው?»

ከንፋሱ ይልቅ ይህ ጥያቄ አስደነገጠኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ የተሰባበረ ወንበር አጭቄበት፣ ቁልፉን ኪሴ ይዤ እዞር ነበር። «አሁኑኑ ይከፈታል» አልኩና ቁልፉን አወጣሁ።

«አንቺስ» አሏት ሽማግሌው፣ «ጓደኞችሽ ሲያመልጡ ምን አስቀረሽ? አትፈሪም?»

«በጣም እፈራለሁ አባባ። ባሕር ካየሁ ገና ዓመቴ ነው። ግን ኮሂኑር ባሏ ዳካ ነው፤ እኔም ብሄድ ማን አብሯት ይሆናል?»

ሽማግሌው ብድግ አሉ። ከዚያ ዱላቸውን አነሱ። «ተነሺ ኮሂኑር። ጎረቤቶችሽንም ጥሪ፤ ሞክቡል ሚያ ሄደ በያቸው።»

ትምህርት ቤቱ ደርሰን የላይኛውን ክፍል ወንበሮች በመስኮት እየወረወርን አወጣን። ቺሚ ደረጃው ላይ ሸራ ጋረደች፤ የመንደራችን አዋላጅ አሮጊት በሩ ላይ ተቀመጡ። አሥር ሰዓት ላይ ውሃው መጥቶ ትምህርት ቤቱ በቆመባቸው ረጃጅም የሲሚንቶ ምሰሶዎች ሥር ገባ። ድምፁን እንዴት ልንገራችሁ? ምድር የምትጎተት ይመስላል። በመስኮት ስናይ የሞክቡል ሚያ የቆርቆሮ ጣሪያ አንዴ ዞረና ሄደ። ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን ሳያቋርጡ ይቆጥራሉ፤ ምክንያቱም ላይኛው ክፍል ኮሂኑርን ምጥ ይዟት ነበር። እኛ ወንዶቹ ከታች ሆነን ስንጸልይ፣ በንፋሱ መሀል የሕፃን ልቅሶ ሰማን።

ውሃው ሲጎድል ሞክቡል ሚያ ቤታቸው ወደነበረበት ቦታ ወጥተው ቆሙ። ምሰሶ እንኳ አልቀረም። «ልጄ» አሉ ለቺሚ፣ «ግትርነቴ እዚህ ሦስት ሰው ሊቀብር ነበር።»

«እኔም ባልጠይቅ ኖሮ አብሬዎ እቀብር ነበር፣ አባባ» አለች።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ ላይኛው ክፍል ተቆልፎ አያውቅም። ቀድሞ ከሴቶቻችን ግማሾቹ ቤት ይቀሩ ነበር፤ ዛሬ ቀድመው የሚወጡት እነሱ ናቸው፤ ነፍሰ ጡሮች የሚተኙበት ምንጣፍ፣ የሚጠጡት ንጹሕ ውሃ አለ። ቤት ለቤት እየዞሩ የሚቀሰቅሱት ሞክቡል ሚያ ናቸው፤ እምቢ የሚል ሲገጥማቸው አይቆጡም፤ «ምን ቢኖር ትሄድ ነበር?» ይሉታል። በሰው አገር ልትማሩና ልታገለግሉ የምትሄዱ ወጣቶችም መጀመሪያ ጠይቁ። እኔ እስከ ዛሬ ንፋስ ሲነሳ እፈራለሁ። የምፈራው ግን ውሃውን ብቻ ነው፤ አዳራሹን የሚፈራ አሁን የለም።